አንድ ክንድ

ሚያዝያ አኻያውን ቢጫ አልብሶ፣
ሐይቁ ካፉ ሞልቶ፣ ተርፎ ፈሶ፣
ወንዝ ሆኖ ቺሜዊን በተባለበት
እስከ ወገቤ ገብቼ ቆሜያለሁ፣ ውሃው አጥንት በሚሰብርበት።
አባቴ ከዳር ነው፣ በታጣፊ ወንበር፣
ዶን ኤሊሴዎ፣ ይህን ወንዝ በእጁ የሚያውቅ የነበር፤
ፖንቾውን ደርቦ፣
እጆቹን በጭኖቹ መሐል ቀብሮ።
እንዳላይ ነው።
እኔም እንዳላየ ሰው ወደ ውሃው ዞሬያለሁ።

ሁለት ዓሣ ላስር ነው፣ ሁለቱም ዓሣ ያልሆኑ፣
ከዶሮ አንገት፣ ከጥንቸል ቆዳ፣ በክር ታስረው የሆኑ።
ላያቸው ሰም ነው፣ ለስላሳ ላባ፤
ወርቃቸው መንጠቆ፣ ተስሎ የገባ።
ትንሿ ከፊት፤ ነጭ፣ የሕፃን ጣት የምታህል፣
ትልቁ ከኋላ፤ ጥቁር፣ የናስ ዶቃው እንደ ዓይን የሚንቀለቀል።
በሁለቱ መሐል ክር።
ምን ያህል?

«ክንድ» ይለኝ ነበር፣ ሰባት ዓመቴ ላይ፣
ክሩን በራሱ ክንድ ዘርግቶ እንዳይ፤
«ከክርን እስከ መሐል ጣት። ካጠረ፣ እብጠት ይመስላል፤
ከረዘመ፣ አንዱ ሌላውን ረስቶ ለብቻው ይዋኛል።
ክንድ ከሆነ ግን፣ ማይቴ፣ አሳዳጅና ተሳዳጅ ናቸው፤
ትራውቱን የሚያስጎመጀው ዓሣነታቸው አይደለም፣ ሩጫቸው።
ሳይርበውም ይነክሳል፣ ሌላው ቀድሞ እንዳይበላበት፤
ጎረቤት ያልተመኘውን በግ ማን ይቆጥራል በበረት?»
ይልና ይስቅ ነበር።
ያኔ የኔ ክንድ ከሱ ስንዝር ጥቂት ቢበልጥ ነው።

አምስት ጊዜ ጠመዘዝኩ፣ ጫፉን በቀለበቱ መለስኩ፣
በምራቄ አርጥቤ ቀስ ብዬ ሳብኩ፣
ትርፉን በጥርሴ በጠስኩ።
ከወንበሩ በኩል ሳል ሰማሁ፤
«መቀስ ለምን ተፈጠረ?» የሚል ሳል ነው።

ሁለት ሲሆኑ በችኮላ አይወረወርም፤
ቅስቱን ማስፋት ነው፣ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ታግሶ መቆም።
አውቃለሁ። ግን ነፋሱ ከተራራው ወርዶ፣
ሁለቱን አየር ላይ አጋጭቶ፣ አንዱን ባንዱ ጠምዶ፣
ትከሻዬ ላይ የወፍ ጎጆ ጣለልኝ።
ጥፍር ሞከርኩ። ጥርስ ሞከርኩ። መርፌ ሞከርኩ።
በጎተትኩት ቁጥር ይጠብቃል፤ በጠበቀ ቁጥር ተሳደብኩ።

«አምጪው» አለ።

እጆቹን አወጣ። ሁለት ክረምት ሆናቸው
ቁልፍ መቆለፍ፣ ክር መቋጠር ከተሳናቸው፤
የማቴውን ቅል እንኳ ሲይዙ ደረቱ ላይ ነው የሚደፉት።
ጎጆውን መዳፉ ላይ አኖረ። አልጎተተም።
መንቀጥቀጡን፣ እንደ ፈረስ፣ ልጓሙን ፈትቶ ለቀቀው፤
ክሩ ተንዘፈዘፈ፣ ላላ፤
አንድ ቀለበት ወጣ፣ ሌላው ተከተለው።
ሁለት የዱር ዝይ በላያችን አለፉ። ማንም አልተነፈሰ።
የጸናው እጄ ያጠበቀውን
እየተንቀጠቀጠ አፍታቶ ጨረሰ።

ከዚያ ክሩን በኔ ክንድ ላይ ዘረጋው፤
ከክርኔ ተነሥቶ፣ መሐል ጣቴ ጫፍ ላይ አለቀ።
«ያው ነው» አለ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ቅስቱን አሰፋሁ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር።
ነጯ ወደቀች፣ ጥቁሩ ተከተላት።
ሳብ፣ ቆም። ሳብ፣ ቆም።
በሦስተኛው፣ ከወንዙ ወለል ያለው ድንጋይ ተነሥቶ መጣ።

«የትኛውን?» ጮኸ ከዳር።
«የኋላውን!»
«የኋላውን» አለ ለራሱ፣ ሒሳብ እንደሚዘጋ ሰው።

ዘንጌ ጎብጦ፣ ክሬ እየተንቀጠቀጠ፣ ዞር ብዬ ሳየው፣
እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ናቸው፣ በነፋሱ ውስጥ፣ እንደ አኻያው ቅጠል፤
አልመለሳቸውም።